ዥዋዥዌው ላይ

ስቶክዌል በሚባለው ሰፈራቸው ካለው የልጆች መጫወቻ በካፊያ ሲደርሱ ሳዶቅ እናቱን ቀድሞ ዥዋዥዌው ላይ ተቀመጠና «እማዬ፣ ግፊኝ» አላት። ብፅዓት ሳቀች። ገና በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቁመት በልጧታል፤ ትንሽ ሳለ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚህ ሳይጫወት ቤት አይገባም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ጀርባውን ስትገፋው ያ የድሮ ሳቁ መጣ።

አጠገባቸው ልጇን ታጫውት የነበረች ፈረንጅ ሴት ቀና ብላ ሳዶቅን አየችው። ወዲያው ቦርሳዋን ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ አንስታ፣ ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። ሳዶቅ እግሩን መሬት ላይ ጎትቶ ዥዋዥዌውን አቆመ።

«መሽቶባት ይሆናል» አለች ብፅዓት። ገና ቀትር ነበር።

«ኢትስ ኦኬ፣ እማዬ። የጃኬቴን ኮፍያ አውርጄ ነበር እኮ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ሁሌ አወርደዋለሁ። አንዳንዴ ግን እንደዚያም አድርጌ እናቶቻቸው ይፈሩኛል።»

«ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ?»

«ማንም።»

ካፊያው ፀጉሩን አርሶታል። ብፅዓት በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችለትና ኮፍያውን በገዛ እጇ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ «ሰንሰለቱን አጥብቀህ ያዝ» ብላ ከኋላው ቆመች። ሳዶቅም ለእሷ ሲል እግሩን ከመሬት አነሳ።