የቲራ ኮፍያ

«ሞርተን! ቆይ፣ እሳቱን አቆየው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ ማን ሰምቶኝ። ደሴቱ በሙሉ ባህሩ ዳር ወጥቶ እየዘፈነ ነው። ሞርተን ችቦውን ደመራው ስር ሸጉጦ ጨርሷል።

ከላይ የጭድ ጠንቋያችን ቆማለች። ራሷ ላይ ያለው ኮፍያ ጠርዙ በፍየል የተበላ ነው። ለደመራ የሚሰፋው ኮፍያ ጠርዙ ደህና ነው። ፍየል የበላው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙዚየማችን ውስጥ፣ መስታወት ስር መሆን ነበረበት። ነፍሷን ይማርና፣ የራሷ የደራሲዋ የቲራ ኮፍያ! የሙዚየሙ ጠባቂ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሌላው ዴንማርክ በሰኔ ደመራ ጠንቋይዋን አቃጥሎ ይገላገላታል። እኛ ግን የቲራ አገር ሰዎች ነን። በቲራ ተረት ውስጥ መንደሩ ጠንቋይዋን ሲያባርራት አንዲት ትንሽ ልጅ ኮፍያዋን ትደብቅባታለች፤ ጠንቋይዋም እሱን ፍለጋ በየዓመቱ ትመለሳለች። ስለዚህ እኛም እሳቱ ራሷ ጋ ሳይደርስ ኮፍያውን በመንጠቆ እናወርደዋለን፣ እንድትመለስ። የዘንድሮው ነጣቂ እኔ ነኝ። የዓሣ አጥማጆቹን ረጅም ዘንግ ይዤ እንደ ጅል ቆሜያለሁ።

«ከቲራ በፊት ጠንቋይ እሳት ውስጥ ተወርውራ ተረቱ ያልቅ ነበር!» ይላል ከኮፐንሃገን የመጣው ፕሮፌሰር፣ የቢራ ሣጥን ላይ ቆሞ። «በናፍቆት እንድንጠብቃት ያደረገችን ቲራ ነች! ዛሬ ዘንዶ፣ አስማተኛ የሚጽፈው ሁሉ ከዚህች ኮፍያ ስር ነው የወጣው!»

«ጌታዬ፣ አጠር ያድርጉት፣ ቋሊማው አረረ!» ይለዋል አንዱ ዓሣ አጥማጅ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። «ሞርተንን ዛሬ አልለቀውም፣ ጠንቋይዋን ሲያለብስ እንዴት ኮፍያ ያምታታል!»

«ተው እንጂ፣ ሞርተን ምን አጠፋ?» እትዬ ሶልቫይ ናቸው፣ የቲራ የወንድም ልጅ። ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቋሊማቸውን ይበላሉ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«እርስዎ?! እትዬ ሶልቫይ፣ ሰው እኮ ከጃፓን ድረስ እሱን ሊያይ ነው የሚመጣው!»

«ይምጣ፣ ማን ከለከለው። ከጠዋት ጀምሮ መስታወቱ ውስጥ ያለው የውሸቱ ነው። አንተ ራስህ አላወቅክም፣ ጃፓኑ ያውቃል?»

ጠርዙን እንኳ ልብ ሳልል ጠዋት አቧራውን ጠርጌለታለሁ።

ሰናፍጩን ከአገጫቸው ይጠርጉና ጠጋ በል ይሉኛል። «ተረቱ ላይ ያለችው ልጅ ማን ትመስልሃለች?»

«ማን ናት?»

«እኔ ነኛ! ቲራ ወደ ኮፐንሃገን ልትመለስ ስትል እንዳትሄድብኝ ብዬ ኮፍያዋን የዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅኩት። ጀልባው ጥሏት ሄደ። ትገርፈኛለች ስል ሳቀች፣ ቁጭ ብላ ተረቱን ጻፈችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንድ ቀን ትመልሺልኛለሽ፣ እስከዚያ ያንቺ ነው።›» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ፣ ልክ የሰፈር ሌባ እንደሆነች ልጅ። «ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የኔ ጌታ። ከዚህ በላይ ላስጠብቃት? ዘንድሮ አትንጠቀው። ይዛው ትሂድ።»

«ሙዚየሙስ?»

«ባዶ መስታወት አስቀምጥና ‹ባለቤቷ ወሰደችው› በላቸው። ከዚህ የተሻለ ምን ሊያዩ ነው!»

አሁን እሳቱ የጠንቋይዋን ቀሚስ ይዟል። ልጆቹ ደመራውን ከበው መዝለል ጀምረዋል። «ንጠቀው! ንጠቀው!» አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን እጅጌዬን ይዛ ትጎትተኛለች። «ቶሎ በል እንጂ! ከተቃጠለ እኮ አትመለስም!»

ዘንጉን አነሳለሁ፣ ሰው ያጨበጭባል። መንጠቆው ፍየል የበላው ጠርዝ ጋ ደርሷል፣ ትንሽ ከሳብኩት ይወርዳል። ዞር ስል እትዬ ሶልቫይ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል። ቋሊማ በያዘው እጃቸው ወደ ላይ፣ ወደ ጭሱ፣ ጀልባ ላይ ያለን ሰው እንደሚሸኝ ሰው ያውለበልባሉ። ፊታቸው የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል።

ሕፃኗ እጅጌዬን አልለቀቀችም።

በሉ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትስቡታላችሁ?