ቀይ የሌለበት ጋሻ

ሰውየው ቪላውን ሠርቶ ሲጨርስ የጎደለው የቤተሰብ ዓርማ ብቻ ነበር። ለስብሰባ አውሮፓ ሄዶ በአንድ ቤተ መንግሥት በር ላይ አይቶ ነው የመጣው። የሰፈሩን ማስታወቂያ ጻፊ ስንሻውን አስጠራና የብረት በሩን አሳየው።

«እዚህ ጋ ጋሻ ትሥልልኛለህ። መሀሉ ላይ በሁለት እግሩ የቆመ አንበሳ ይሁን።»

«ጋሼ፣ አንበሳ በሁለት እግሩ ይቆማል እንዴ?»

«የእኛ ይቆማል።»

አንበሳው ቆመ። ዘውድም ተደፋለት፤ ከቤተሰቡ ዘውድ የደፋ ሰው ቢኖር ሰውየው ራሱ ነው፣ እሱም በሠርጉ ቀን። አማቱ ንስር አስጨመሩ፤ ሚስቱ ንስሩ ባዶ እግሩን እንዳይሆን ብላ አበባ አስያዘችው። ከሥር ሁለት ሰይፎች ተመሳቀሉ። ስንሻው የሰይፎቹን ጫፍ ቀይ ሊያስነካ ሲል ሰውየው እጁን ያዘው።

«ቀይ አይግባበት። ቀይ ደም ነው፤ እኛ ደግሞ ሰላማዊ ዘር ነን።»

ሁሉም ነገር ወርቃማ ሆነ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጎረቤት እንዴት እንደሚያደንቅ ለማየት ሲወጣ፣ ጋሻው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ቀይ አይግባበት አላልኩህም?»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። የክፍለ ከተማ ሰዎች ለአዲሱ መንገድ በሚፈርሱት ቤቶች ላይ ምልክት እያደረጉ ነው። የእኔንም ሱቅ ቀብተውታል።»

ሰውየው ቀዩን ቀለም በጣቱ ፈተገው፤ አልለቀቀም።

«ወርቃማው ቀለም ተርፎሃል?» አለ።