ይርጋ ወይም ስንሻው

ቤቶች የእንግዳን የመምጣት ዕድል አስልተው መናገር ከጀመሩ ወዲህ፣ ደሴ ላይ ዕድሉ ከግማሽ በታች ለሆነ እንግዳ ድስት የሚጥድ ሰው ጠፍቶ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ትርንጎም በበዓሉ ጠዋት ቤታቸውን ጠየቁ።

«ዛሬ ከልጆቼ አንዱ ይመጣ ይሆን?»

«ይርጋ ሠላሳ በመቶ፣ ስንሻው ሃያ አምስት በመቶ። ከሁለቱ አንዱ የመምጣቱ ዕድል ሃምሳ አምስት በመቶ ነው» አላቸው ቤቱ።

ደስ ብሏቸው ድስቱን ጣዱ፤ ሦስት ሰሃንም አወጡ። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና ድምሩ ከነከናቸው።

«አብረው የሚመጡበትን ሳትቀንስ እንዴት ደመርክ?»

«የሚቀነስ የለም፤ አብረው የመምጣታቸው ዕድል ዜሮ ነው።»

ወንድማማቾቹ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ በውርስ እንደተኳረፉ ያውቃሉ፤ ዜሮ መድረሱን ግን አላወቁም ነበር። አንዱን ሰሃን ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። የአንዱ መምጣት የሌላው መቅረት ነውና፣ የትኛው ይሁንልኝ ይበሉ?

ሲከፍቱ ስንሻው ነው። አገላብጦ ሳማቸው። እሳቸው ግን በትከሻው አሻግረው መንገዱን ያያሉ።

«የምትጠብቂው ሰው አለ እንዴ እማዬ?»

«የለም ልጄ።»

«እንግዲያው ብርድ አይግባብሽ» ብሎ በሩን ዘጋው።