የኦፌሊያ የጭስ ደብተር

ኦፌሊያ ባራጋን ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ታሰጣለች። አጥባው አይደለም፤ ጥላሸት እንዲይዝላት ነው። ከቲማቲም ማሸጊያው ሥራዋ ስትመለስ አንሶላውን በጣቷ ትዳብስና ደብተሯን ታወጣለች። የጦር ሰፈሩ ቦይለር፣ ያ ትልቁ የውሃ ማፍያ፣ ዛሬ ለስንት ሰዓት አጨሰ? ይህን መጻፍ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው።

ጭስ ማውጫው እንኳ ቅርብ አይደለም፤ ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ወዲያ ማዶ ነው ያለው። ግን ነፋሱ ከሰሜን የመጣ ቀን ሁሉም ነገር እኛ ሰፈር ነው የሚያርፈው።

ልጇ ኔሬይዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። እንዲያ ባለ ቀን ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ባለፈው የብርድ ወራት ሁለት ጊዜ በአምቡላንስ ተወስዳለች። በሁለተኛው ሐኪሙ ኦፌሊያን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ሦስተኛውን የምትችለው አይመስለኝም" ብሏታል።

እውነቱን ለመናገር ቦይለሩ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አጭሶ አያውቅም። ኦፌሊያም መጀመሪያ የጻፈችው ያንኑ ነበር። ጎረቤቷ ዩፌሚያ ናት ምክር የሰጠቻት።

"ስድስት ሰዓት?" አለቻት አጥሩ ላይ ተደግፋ። "ለስድስት ሰዓት ማን ይደነግጥልሻል? አሥራ አራት በዪው።"

"ውሸት አይሆንም እንዴ?"

"ውሸታሞቹስ እነሱ! ልጅሽ የምትታፈነው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው?"

ኦፌሊያ አዲስ ደብተር ገዛች። የድሮውን ሁሉ ገለበጠችበት፤ ስድስቱን ሁሉ አሥራ አራት እያደረገች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ መጣ። ሉንድክዊስት ይባላል፤ ጦር ሰፈሩ ውስጥ የአየር ብክለት ጉዳይ የያዘ ሲቪል ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። በር ያንኳኳው አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ነው።

"ወይዘሮ ባራጋን፣ የጭስ መዝገብ አለዎት ሲሉ ሰማሁ።"

"እናንተስ የላችሁም?"

"ነበረን። መዝገብ ቤቱ ጎርፍ ገባበትና ተበላሸ።"

ዶናቱን በላን፤ ወሬውን ግን ማንም አልበላለትም።

"ጎርፍ!" አለች ዩፌሚያ ሰውየው እንደ ወጣ። "ዝናብ ካየን ሦስት ዓመታችን! የራሳቸውን አጥፍተው ያንቺን ሊያጠፉ ነው። እንዳትሰጪው!"

ኦፌሊያ ደብተሩን ሁለት ኮፒ አስነሣች። አንዱን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከበቆሎ ጥቅሉ ከታማሌው ሥር፣ ሌላውን ከዩፌሚያ ፍራሽ ሥር ደበቀች። እሷ የፈራችው ግን ማጥፋቱን አልነበረም። ሰውየው አንድ ቀን ሰዓት ይዞ ጭሱን ቢቆጥርስ? ውሸቷ ይወጣል። ውሸቷ ከወጣ ማንም አይሰማትም፤ ቦይለሩም ልጇም እንደዚያው ይቀጥላሉ፣ ልጇ እስከቻለች ድረስ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ማዕድ ቤት ተቀምጦ ገጽ በገጽ አነበበ።

"አሥራ አራት ሰዓት" አለ።

"አሥራ አራት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ኔሬይዳ ትሙት!"

"አይ፣ ስላላመንኩዎት አይደለም። እርስዎም ሰው ነዎት፣ ይተኛሉ። ተኝተው ሳሉ ያመለጠዎት ሰዓት አይኖርም ወይ ብዬ ነው።"

ዩፌሚያ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

"አሥራ ስምንት ሳይሆን አይቀርም" አለች ኦፌሊያ።

ሰውየው አንዲት ቁጥር አልተከራከረም። አሳረማት፤ እያንዳንዱን ገጽ አስፈረማት፤ በማግስቱ ወስዶ ቃለ መሐላ አስገባትና ደብተሩን ተቀብሎ ሄደ።

"ወጥመድ ነው!" አለች ዩፌሚያ። "በሐሰት ምስክርነት ሊያሳስርሽ ነው። ሰው እንዴት ዓይኑን ሳያሽ አሥራ ስምንት ይላል?"

"አንቺ አይደለሽ የጠቀስሽኝ!"

"እኔማ አቧራ ገብቶብኝ ነው።"

ወር ሙሉ ኦፌሊያ መኪና በቆመ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ፖሊስ አልመጣም። ጦር ሰፈሩ ቦይለሩን በገዛ ፈቃዱ ዘጋው። ጭስ ማውጫውን ሲያፈርሱት ሰፈሩ በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ኔሬይዳ በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት እየሮጠች ተመለሰች፤ ኢንሄለሯንም አልነካችም።

ሉንድክዊስት ኬክ ይዞ መጣ።

"ያለ እርስዎ ደብተር አይሆንልንም ነበር" አላት። ሲያሾፍም አይመስልም።

በዚያው ሰሞን ጋዜጣው ላይ ትንሽ ማስታወቂያ ወጥታ ነበር። በእኛ ሸለቆ ሕግ ጭሱን ያቆመ ሰው፣ ያቆመውን ያህል የማጨስ መብት ለሌላ መሸጥ ይችላል፤ ጦር ሰፈሩም መብቱን ለገዢ አቅርቧል ትላለች። ዩፌሚያ ከት ብላ ሳቀች።

"ጭስ የሚገዛው የምን ጅል ነው?" አለችና የተረፈውን ኬክ ጠቀለለችበት።

ከኦፌሊያ ቤት ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ደግሞ ሰዎች ችካል መትከል ጀመሩ። የልጆች መጫወቻ ነው ተባለ፤ ማን እንዳለው እንጃ። ኔሬይዳ መስኮቷን በርግዳ ታያቸው ነበር።

"እማ፣ ዥዋዥዌ ይኖረዋል?"

"ይኖረዋል የኔ ልጅ።"

መስከረም ላይ አጥሩ አለቀ፤ ሰሌዳም ተሰቀለበት። ኦፌሊያ መነጽሯን ረስታ ስለ ነበር ዩፌሚያ ጮክ ብላ አነበበችላት።

"የአጥንትና የሞራ ማቅለጫ ፋብሪካ፤ ከጦር ሰፈሩ በተገዛ መብት በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት እንዲያጨስ ተፈቅዶለታል፤ ለሰዓቱ ማስረጃ፣ የወይዘሮ ኦፌሊያ ባራጋን ደብተር።"