ያልቀዘቀዘው ሞተር

ፊደል አልቆጠሩም ተብሎ፣ እትዬ ብርነሽ የልጃቸውን የቸኮልን ቮልስ መኪና ቫልቭ ማስተካከል እንደሚችሉ ጎፋ ውስጥ የሚያምን ጠፋ። ስንት ዓመት አጠገቡ ቆመው መፍቻ እንዳቀበሉት ማን ይጠይቃቸው። ቸኮልን የቀበሌ ታጣቂዎች ወስደው “ሞቷል” ካሏቸው ዓመት አለፈ፤ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም።

ረፋድ ላይ መፍቻ ይዘው ከመኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ጎረቤታቸው ነጋ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

“እትዬ፣ ቁጭ ብለው ምን ይጠብቃሉ?”

“እስኪቀዘቅዝ ነዋ። ቫልቭ በትኩስ ሞተር አይነካም፤ አንተ ሾፌር ነኝ ባይ ይሄን አታውቅም?”

“ባትሪውን አምና እኔው አይደለሁ ያወጣሁት? ምኑ ይሞቃል?”

“ንካው።”

ነጋ እየሳቀ ወደ ግቢው ገብቶ ሞተሩን ነካ፤ እጁን መንጭቆ ሲያየው ጣቶቹ ተለብልበዋል።

“በል ቀበሌ ሂድ” አሉት። “ሞቷል ያሉኝን ሰዎች ጥራልኝ፤ መጥተው ይንኩት።”