የደንገል አጥር

ሐይቁ ማሳዋን ከዳር እየገመሰ ሲወስድባት፣ ሴትዮዋ ዳርቻውን ደንገል ተከለችበት። ደንገሉ ሥር ሰድዶ አፈሩን ያዘላት፤ ዳክዬዎችም ጎጆ ሠሩበት። እሷን ግን ስጋት አላስቀምጥ አላስተኛ አላት። ታንኳ ሠሪው ጎረቤቷ አያ ዳምጤ ባለፈ ቁጥር፣ «እታለም፣ ደንገልሽ አደገልሽ?» ይላታል። ታንኳ ከደንገል አይደል የሚሠራው! አንድ ቀን በውኃው በኩል መጥቶ ሊያጭድባት ነው።

ትናንት ሲመሻሽ የአያ ዳምጤን ታንኳ ከታሰረበት ፈታ ለሐይቁ ለቀቀችው። ገመዱን ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ወሸቀችው።

ሊነጋ ሲል ማዕበል ተነሣ። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ ዳርቻው ሮጠች። ደንገሉ አልተነካም። ያ የለቀቀችው ታንኳ ከፊቱ ተጋድሞ ማዕበሉን ይመክትለታል። አያ ዳምጤ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ታንኳው እንዳይሄድ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ጠፍቶኝ ስፈልገው እዚህ አገኘሁት» አላት እያለከለከ። «አሁን ካነሣሁት ደንገልሽ ማለቁ ነው። ንፋሱ እስኪበርድ እዚሁ እንሰረው። ቤትሽ ገመድ አይጠፋም፣ እታለም?»

ቤቷ ያለው ገመድ አንድ ብቻ ነበር።