ፈራሁ በል

እጁን ስትይዘው ጥፍሩ መዳፏን ወጋት። ያለምወርቅ እጇን አልሳበችም።

ባሏ ደረሰ ከፊቷ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ሲያስገቡት አንዴ ቀና ብሎ አያትና "መጣሽ?" አላት፣ ከገበያ የተመለሰች ይመስል። ከዚያ ወዲህ አላያትም። የእስር ቤቱ ጠባቂ ሁዜይፋ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። አማርኛ አይሰማም።

"ስማኝ፣ ጊዜ የለንም" አለችው። "ዛሬ ከሰዓት በኋላ መተማ ድንበር ወስደው ለአገር ቤት መንግሥት ሊያስረክቡህ ነው።"

"ነግረውኛል።"

"ውጭ ጠበቃ አለች። ዩስራ ትባላለች፤ ወላጆቿ ያገራችን ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች። ዳኛው እየጠበቀን ነው ብላለች። አንተ 'ብሻገር ይገድሉኛል፣ ፈራሁ' ካልከኝ ቃልህን ለዳኛው እናገራለሁ፣ መሄዱ ይቀራል። ፈራሁ በል። ሌላ ምንም አትበል።"

ደረሰ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

የሱዳን ፖሊሶች የያዙት ሾዋክ ከተማ ላይ ነው፤ ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ከአውቶቡስ አውርደው። ስልኩ ውስጥ ተቀድቶ የቀረ የጋረደውን ድምፅ አገኙ። ጋረደው የአክስቱ ልጅ ነው፤ መሣሪያ ይዞ ጫካ ከገባ ቆይቷል። የደወለው ግን የደረሰ እናት ሞታ ሊያስተዛዝነው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረሰ አሸባሪ ተባለ። ያኔ ጡት ትጠባ የነበረችው ልጃቸው ዛሬ ራሷ ውሃ ቀድታ ትጠጣለች። እሱን ዳኛ ፊት ያቀረበው ግን የለም።

"ፈራሁ ካልኩ በኋላስ?" አላት።

"ትቀራለህ።"

"የት?"

 "እዚህ" አለች።

"ያለሜ" አለ ቀስ ብሎ፣ "መጀመሪያ ይጠይቁኝ ነበር። መሣሪያው የት ነው፣ ማን ነው የላከህ ይሉኝ ነበር። ሲመቱኝም እየጠየቁ ነው። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ምግብ የሚያቀብለኝ ሰውዬ እንኳ ቃል አይተነፍስም። መልሱን ለብቻዬ ሳወራው እውላለሁ።" ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። "እዚያ ማዶ ይጠይቁኛል። ሊያስተዛዝነኝ ነው የደወለው እላቸዋለሁ።"

"የጋረደውን አባት እኮ ወስደዋቸዋል። ሽማግሌ ናቸው አላሉም። ከተሻገሩ ወዲህ ሬሳቸውን እንኳ ያየ የለም።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅህ?"

"እያወቅሁ። ቢገድሉኝ ለቅሶ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ትነሺያለሽ። እንዲህ ሆኜ ግን ምኔን ነው የምትጠብቂው?" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። "በእናቴ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ልሂድበት። አትከልክይኝ።"

 ያለምወርቅ እንባዋ እንዳይመጣ ጥርሷን ነከሰች።

"ደሞ ያቺ..." አለ ደረሰ። "ትንሿ... ልጅቱ..."

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ዓይኑ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የሁዜይፋን ጫማ ዞረ። ሆድ ብሶት መስሏት ነበር። ቆይቶ ነው የገባት፤ የሚፈልገው ስሟን ነው።

"ብፅአት" አለችው።

"ብፅአት!" አለ ተቀብሏት። "አዎ፣ ብፅአት። ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት።"

አቀርቅሮ የአግዳሚውን ጠርዝ ዳሰሰ። ማፈሩን አየች፤ ያላየች ለመምሰል ነጠላዋን አስተካከለች።

ሁዜይፋ "ኸላስ" አለ፣ በቃ ለማለት። ደረሰ ወዲያው ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

"እሺ በይኝ" አላት።

"እሺ" አለችው።

ውጭ ፀሐዩ ያነዳል። ዩስራ ከአጥሩ ጥግ፣ ጣት ከማትሞላ ጥላ ውስጥ ቆማለች። ያለምወርቅን ስታይ ሮጣ መጣች።

"ምን አለሽ? ፈራሁ አለ?"

"መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። እዚህ ከቀረ መቼ ይፈቱታል?"

ዩስራ ላቧን በሻርፗ ጠረገች። "ወላሂ አላውቅም። አልዋሽሽም። እዚህ አገር ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ እንደሱ ያሉትን እስረኞች ጉዳይ የሚያይ የለም፤ ዛሬ የሚሰማን ዳኛም መኪናውን ማስቆም እንጂ ማስፈታት አይችልም። ሊቆይ ይችላል። በጣም ሊቆይ ይችላል። ግን በሕይወት አለ። ድንበሩን ከተሻገረ እኔ የማደርግለት ነገር የለም።" እጇን ያዘቻት። "ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ዳኛው ሊወጣ ነው። ምን አለሽ?"

  ደረሰ ያለምወርቅን በእናቱ አጥንት ይዟታል፤ እሺ ብላዋለች። ብትታዘዘው ይሞታል። ባትታዘዘው የእሷንም ስም የሚረሳበት ቀን ይመጣል፤ ያኔ ከበሩ ደርሳ የምትመለሰው ለእሱ ማን ሆና ነው?

"ፈራሁ አለ" አለች።

"ራሱ፣ በአፉ?"

"በአፉ። ለምኚልኝ አለኝ።"

ዩስራ ክንዷን ይዛ ወደ ባጃጁ መራቻት። ሊሳፈሩ ሲሉ ለውሃ ቦቴ መኪና መንገድ ለመልቀቅ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ያለምወርቅ ዞር አለች።

ደረሰን ኒም ዛፉ ሥር አውጥተው አስቀምጠውታል። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ አስሮ ተቀምጦበታል። ፊቱን ታጥቧል፤ ፀጉሩ ላይ ውሃው ያብረቀርቃል። ከመነኸሪያ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ በሩ ዞሯል።

አያት። እጁን ከፍ አድርጎ ተሰናበታት።